የፈጣም ዓሣ ዳኛ

ከወፍጮ ቤቴ ፊት ለፊት ዓሣ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሰላም አጥቻለሁ። ፍኖተ ሰላም እየኖርኩ ሰላም አጣሁ ማለቴ ሰው ቢያስቅም እውነቴን ነው። ዓሣው ከባሕር ዳር በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ይመጣል፤ ልጆቹ ረፋዱ ላይ ሰፊ መጥበሻ ይጥዱና ዘይቱ ሲግል ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ከነራሱ ይለቁበታል፤ ያ ሽታ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የባጃጁን ጭስ አልፎ፣ ዱቄት የጠገበ አፍንጫዬን ፈልጎ ሲያገኘው እህል የምገለብጥበት እጄ ባለበት ቀጥ ይላል። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች «ምነው ጋሽ መኳንንት፣ ራበዎት እንዴ?» ይሉኛል። በወፍጮው ጩኸት ላይ ጮኼ «አዎ፣ ራበኝ!» እላለሁ። ቀናሁ አይባልማ! ይህን ያህል ዕድሜ የጠገበ፣ የልጅ ልጅ ያቀፈ ሰው በታናሽ ወንድሙ ዓሣ እስከ ዛሬ ድረስ ይቀናል ቢባል ማን ያምናል?

እኔ ግን እቀናለሁ። ቅናቴም የዛሬ አይደለም። ገና ጥርሴን ስነቅል አብሮኝ የበቀለ ነው፤ ዓሣ በሸተተኝ ቁጥር ይነሣብኛል፤ ጥር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

ያደግነው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ፈጣም ወንዝን ቁልቁል በምታይ መንደር ነው። ፈጣም በክረምት ወንዝ አይደለም፣ ጠብ ፈላጊ ነው፤ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ እያጓራ ሲወርድ እንኳን ዓሣ ሊያጠምዱበት አጠገቡም አይቆሙ። ጥር ሲብት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ውኃው ይጎድልና ይጠራል፣ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይተኛበታል፤ እግር ሲገባበት ብርዱ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ መንጋጋ ድረስ ይወጣል። የአረጋውያኑ አባባል ዓሣ በብርድ ጊዜ ነው ሥጋው የሚጠነክረው የሚል ነበር፤ በሙቀት የተያዘ ዓሣ ገና ድስት ሳይገባ ይላላል፣ የጥር ዓሣ ግን በዘይት ውስጥ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል ይሉ ነበር። ደግሞም ጊዜው የተመቸ ነው። ከገና በፊት ጾም ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይመጣል፤ በመንደራችን ዓሣን በጾም የሚበሉ ቤቶች ነበሩ፣ እናቴ «እነሱ ይብሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ትልና በቤቷ ግን አታስገባውም። ስለዚህ ለእኛ ዓሣ ማለት በሁለቱ ጾም መካከል ያለችው ያቺ አጭር የብርድ ወራት ነበረች። አውድማው ተጠርጓል፣ እህሉ ገብቷል፣ ሠርግ በየቦታው ይደገሳል፣ እኔና ደምሴ ደግሞ ወንዝ እንወርዳለን።

አባታችን ዓሣ አይቀምስም። «ዐይኑን ሳይከድን የሚሞት ነገር እኔ አልበላም» ይል ነበር፤ ስንበላም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ስለዚህ የቤታችን ዳኛ እናቴ ብቻ ነበረች። ዳኛ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ጥሩወርቅ ማለት በዚያ አገር የታወቀች ምላስ ናት። ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ ወጡ ሲንተከተክ «ኧረ ጥሩወርቅን ጥሯት!» ይባላል፤ ትመጣለች፣ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ጠብ ያደርጉላታል፣ በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርገውና ዐይኗን ወደ ጣራው ትሰቅላለች። ያን ጊዜ በጓዳው ያለው ሴት ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። «ሽንኩርቱ አልተቁላላም» ካለች አልተቁላላም ነው፤ «ኮረሪማውን ማን ነፈገው?» ካለች የነፈገችው ሴት ራሷ ተነሥታ ትጨምራለች። ይግባኝ የለም። ጥሩ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጭኗን መታ አድርጋ «እሰይ!» ትላለች፤ ያቺን «እሰይ» ያገኘች ሴት ድግሱ እስኪያልቅ ደረቷን ነፍታ ትዞራለች።

እኔ በልጅነቴ የፈለግሁት ነገር አንድ ነው። እናቴ እኔ ያመጣሁትን ዓሣ ቀምሳ «እሰይ» እንድትል። ልብስ አልተመኘሁም፣ ጫማ አልተመኘሁም፤ ይችን ነው የተመኘሁት። ያቺን «እሰይ» ግን ሁልጊዜ የሚወስዳት ደምሴ ነበር።

ደምሴ ታናሼ ነው። ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ አፍንጫው የማይደርቅ ልጅ ነበር፤ አባታችን እርሻ ሲልከው ተኝቶ ይገኛል፣ ከብት ሲጠብቅ ከብቱ ሰው ማሳ ገብቶ ይገኛል። ወንዝ ሲገባ ግን እጁን ሌላ ሰው ያበደረው ይመስላል። መንጠቆ አይወድም። ውኃው እየዘለለ ከሚወርድበት ድንጋያማ ቦታ ይሄድና በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እጁን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይዳብሳል። ከንፈሩ እስኪጠቁር፣ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ቅርፊቱ እንደ ብር የሚያበራው፣ እሱ ነው እንግዲህ ከዚያ ድንጋይ ሥር የሚደበቀው። ደምሴ ሲያገኘው አይጨብጠውም፤ ሆዱን በጣቱ ያሻሸዋል፣ ያባብለዋል፣ ዓሣው ደስ ብሎት ይቆምለታል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጩ ይወጣና መተንፈሻው ላይ ያዝ! የሚያገኛቸው ዓሦች ከመዳፍ አይበልጡም ነበር። ሦስቱን አራቱን በልጥ ሰክቶ፣ በቡሉኮው ሥር ደብቆ፣ እንደ ሌባ ጓሮ ለጓሮ ወደ ቤት ይገባል።

እኔ ደግሞ የትልቅ ዓሣ ሰው ነኝ። ወንዙ ታጥፎ የሚያርፍበት፣ ጥቁር የሆነ ጥልቅ ውኃ ነበር፤ በቀርከሃ ላይ ክር አሥሬ፣ መንጠቆው ላይ የዶሮ አንጀት ሰክቼ እዚያ እቀመጣለሁ። እዚያ ያለው አምባዛ ነው። አምባዛ ማለት ጭንቅላቱ ድፍጥጥ፣ ሪዙ የተንጠለጠለ፣ ቅርፊት የሌለው የዓሣ ባላባት ነው፤ ሲይዝ ክሩን ሳይሆን ትከሻን ነው የሚጎትተው። ክንዴን የሚያህል አምባዛ አውጥቼ በጫንቃዬ ላይ ሳጋድመው ጅራቱ ወገቤን ይመታኛል። ያን ይዤ በአቋራጭ አልሄድም፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞሬ፣ በገበያው መንገድ ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ነው የምሄደው። «ኧረ ጉድ! ይሄን የሚያህል!» ይላሉ። «የጥሩወርቅ ልጅ እኮ ነው!» ይላሉ። እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ፤ ጆሮዬ ግን እንደ ውሻ ጆሮ ቆሟል።

ከዚያ እናቴ ፊት እንቀርባለን። የእኔን በአመድ አሽታ ልጋጉን ታወጣለታለች፣ ትቆራርጠዋለች፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ትሠራዋለች። የደምሴን ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ ትነቅሰዋለች፤ ነጭ ዓሣ አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ካልነቀሱት ጉሮሮ ይይዛል፣ ከነቀሱት ግን በዘይት ውስጥ እሾሁ ሁሉ እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ጨው ብቻ ነስንሳ በኑግ ዘይት ትለቀዋለች። በመጨረሻ ሁለቱም ትሪ ላይ ይወርዳሉ። እኔና ደምሴ አፏን እናያለን። መጀመሪያ የእኔን ትቀምሳለች። ዐይኗ ጣራ አይወጣም። «ይበላል» ትላለች። ከዚያ የደምሴን፣ ያንን መዳፍ የማይሞላ፣ ጉንጩን በሁለት ጣት ፈልቅቃ ወደ አፏ ታደርጋለች፤ ዐይኗ ጣራው ላይ ይወጣል፤ ጭኗ መታ ይደረጋል። «እሰይ! ይሄስ ዓሣ ነው!»

ወይ ነዶ! «ይበላል» የምትለው ቃል ምን ያህል እንደምታቃጥል የሚያውቀው የተባለበት ሰው ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይም ይበላል ካሉ ይበላል። ያን ሁሉ ሰዓት በብርድ ተቀምጬ፣ ያን ሁሉ ተሸክሜ፣ ቤተሰቡ የጠገበው በእኔ አምባዛ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ወደ ደምሴ አፍ ትሄዳለች። እሱ ደግሞ አይኮራም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። ቢኮራ እመታው ነበር። አፍንጫውን ወደ ላይ እየሳበ «አያ መኳንንት፣ ያንተም እኮ ይጣፍጣል» ይለኛል። ማን ጠየቀህ! ሌሊቱን እንኳ ከጎኑ ስተኛ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምተኛ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ ማጥመጃውን ቀያየርኩ፤ በትል ሞከርኩ፣ በሊጥ ሞከርኩ፣ አንድ ጊዜ አባታችን ለእንግዳ ያስቀመጠውን የሥጋ ቁራጭ ይዤ ልወጣ ስል ተያዝኩ። የአምባዛው ወጥ ምንም ቢሆን ያው «ይበላል» ሆነ። አንድ ዓመት ደግሞ የመንደሩ ጎረምሶች ብርብራ ወቅጠው ከጥልቁ ውኃ ላይ በተኑ። የብርብራ ፍሬ ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ሁሉም ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ሰው በቅርጫት ይለቅመዋል። እኔም ከመካከሉ የሚያማምሩ ነጭ ዓሣዎችን መርጬ፣ ዛሬስ አለቀለት ብዬ፣ እየሮጥኩ አመጣሁላት። አሸተተችው። «ብርብራ ነው?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። «ሂድ ለጎረቤት ስጥ፤ እኔ የሰከረ ዓሣ አልበላም» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቴ ብቻ ነው ያን ቀን የሳቀው፤ ለካስ በዓሣ ነገር ከእሷ ጋር የተስማማበት ብቸኛ ቀን ነበር።

በሌላው ዓመት ደግሞ እንደ ደምሴ ልዳብስ ብዬ ገባሁ። ትዕግሥት የለኝም። ብርዱ ጎኔን ሲወጋኝ እጄን ሳላስተውል ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩት፣ ሸርጣን አውራ ጣቴን ያዘኝ። ጩኸቴ እስከ ወዲያኛው ማዶ ተሰማ፤ ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ሰው ውኃ ወሰደው ብለው እየሮጡ መጡ። ሸርጣኑን ከጣቴ ያላቀቀልኝ ደምሴ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እሱንም አሻሽቶት ነው መሰለኝ ወዲያው ለቀቀኝ። ለብዙ ጊዜ መንደሩ «መኳንንት ሸርጣን ያጠመደው» እያለ ይጠራኝ ነበር።

አደግን። እኔ መጀመሪያ ቡሬ ላይ እህል ስጭንና ሳወርድ ቆየሁ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም ወፍጮ ተክዬ ኑሮዬን መሠረትኩ። ደምሴ እዚያው አባታችን መሬት ላይ፣ ከእናታችን ቤት አጥር ለአጥር ሆኖ ቀረ። ሰው ሲያድግ እንዲህ ያለው ነገር ይረሳል ይባላል። እኔን አልረሳኝም። ጥር በመጣ ቁጥር ወፍጮውን ለሠራተኛ ትቼ ቡሬ እወርዳለሁ፤ ባለቤቴ ለሰው «ለጥምቀት ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ» ትላለች፣ ለእኔ ግን ከደጅ ላይ «እስቲ ዘንድሮ እንኳ ይቅናህ» ብላ ትስቅብኛለች። ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ናይለን ክር አለኝ፣ የሚያብረቀርቅ መንጠቆ አለኝ፤ ደምሴ ደግሞ ያው ሁለት እጁ ብቻ። ሁለት የጎለመሱ ሰዎች፣ ሱሪያችንን ጠቅልለን፣ አንዱ ከጥልቁ አንዱ ከድንጋዩ፤ የገዛ ልጆቻችን ከዳር ቆመው ይስቁብናል። ማታ እናታችን ፊት እንቀርባለን። ጥርሷ እያለቀ ሄደ፣ ዐይኗ ደከመ፣ ምላሷ ግን ያው ነው። «ይበላል።» «እሰይ!» ያ ከሲታ ልጅ ሽበት አብቅሎም ያንኑ አፍንጫውን ወደ ላይ እየሳበ ይቀመጥልኛል።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ ወደ ወፍጮ ቤቴ መጥታ «እንግዲህ እኔም ቆቤን ልድፋ፣ ልመንኩስ» አለችኝ። በአገራችን ወግ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለቁም ነገር ያበቃች ሴት ቆብ ደፍታ ቀሪ ዘመኗን ለጸሎት ትሰጣለች። እኔ ግን ወዲያው የታሰበኝ ሌላ ነው፤ ያፈርኩበት ጉዳይ ነው፣ ቢሆንም ልናገረው። ቆብ ከደፋች ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ዓሣም የለም። ዳኛዬ ችሎቱን ልትዘጋ ነው! «ቆይ እማ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ፋሲካን አብረን እንፈስክና ከዚያ ትደፊያለሽ» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለችኝ። የእናቴን «እሺ» ጠንቅቄ አለማወቄ! እሷ እሺ የምትለው ክርክር ሲሰለቻት ነው፤ እኔ ግን የተስማማች መስሎኝ አንድ ጥር ቀረችኝ ብዬ ተዘጋጀሁ።

በዚያ ጥር ወፍጮው ሥራ በዝቶበት ጥምቀት አለፈኝ፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል መንጠቆውንም ናይለኑንም ትቼ ሄድኩ። ቡሬ ከሚኒባስ ወርጄ ቤት ሳልደርስ በቀጥታ ወንዝ ገባሁ። ደምሴ ከሚተኛበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ውኃው አረፋ የሚደፍቅበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ እዚያ በሆዴ ተኛሁ። ዕድሜ ደግ ነገር አለው፣ ሰው ሲያረጅ አይጣደፍም። እጄ ደነዘዘ፣ ክንዴ ደነዘዘ፣ ደረቴ ላይ ያለው ልብስ ሁሉ ውኃ ጠጣ፤ አልተነሣሁም። በመጨረሻ በጣቴ ጫፍ ለስለስ ያለ፣ ቀዝቃዛ ሆድ ነካሁ። አሻሸሁት። ቆመልኝ። እየዳበስኩ እየዳበስኩ ወደ ላይ ብሄድ አያልቅም፤ ይሄ ከመዳፍ ያለፈ ዓሣ ነው። መተንፈሻው ላይ ደርሼ ያዝኩት፤ እሱም ያዘኝ ማለት ይቻላል፣ ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ተንከባለልን፣ ግን አልለቀቅሁትም። ነጭ ዓሣ! ከፈጣም ድንጋይ ሥር፣ በጥር ብርድ፣ በባዶ እጅ የተያዘ፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ! ወንዝ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩትና ዳገቱን ወጣሁት፤ ያን ቀን በገበያ መንገድ አልዞርኩም።

ደምሴ ከእናታችን ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። «አያ መኳንንት፣ ቀስ በል፣ እማ...» ብሎ አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበ። ሞታለች ብዬ ነው የጠበቅሁት። «ቆባቸውን ደፉ እኮ» አለኝ። «በአስተርዮ ማርያም ዕለት። ደውለንልህ ነበር፣ ወፍጮው እየጮኸ ነው መሰለኝ አልሰማኸን።»

ተመስገን ማለት ነበረብኝ። ሞታለች ብዬ ፈርቼ አለመሞቷን ሰማሁ። ግን ከአፌ የወጣው «አንተ ታውቅ ነበር?» የሚል ነው። ያውቅ ነበር። «ለመኳንንት አትንገር፣ ይከለክለኛል» ብላዋለች። ይህም ባልከፋ። ደምሴ ዋሽቶ አያውቅም፤ ሳልጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈልኝ። በፊት በነበረው እሑድ «ከመድፋቴ በፊት ዓሣ አምሮኛል» አለችው፤ ወርዶ አመጣላት፤ ሚስቱ ጠብሳ አቀረበችላት። በዚህ ዓለም የበላችው የመጨረሻ ዓሣ የእሱ ነው። የመጨረሻዋም «እሰይ» የእሱ ናት። እኔ በኮባ የጠቀለልኩትን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓሣውን በፊቱ ላይ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ወንድሜ ነው፣ እናቴን ሌት ተቀን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው፣ አውቃለሁ። ቀናሁበት። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁበት።

ገባሁ። መደቡ ላይ ወይባ ልብሷን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ያቺ ትልቅ ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንሳ ቁጭ ብላለች። «እማ» ልል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚህ ወዲያ እማሆይ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አንቱ ነው። «እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እማሆይ» አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። አፌ አንቱ አለ፣ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ፤ ለሆዴ እሷ እሷ ናት፣ አሁንም ሳወራ በሆዴ ነው የማወራው። ራሴን ዳሰሰችኝ። ከዚያ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ።

«ነጭ ዓሣ ነው?» አለችኝ።

«ነጭ ዓሣ ነው።»

«ከድንጋይ ሥር? በእጅህ?»

«በእጄ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ። ኮባውን ገለጥኩላት። ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን ልትሰድ ብላ መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እንደ ዱሮዋ ቆፍጠን አለች፤ ከጎረቤት አራስ አለች፣ ጉልበት ያጣች ምስኪን ናት፣ ይበላሻልና አሁኑኑ ሥራውና ውሰድላት አለችኝ። እሷ አትነካው፤ የደምሴ ሚስት ገበያ ወርዳለች። ሥራው እኔን ጠበቀኝ።

በጎጃም ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው መጀመሪያ ጓዳ ገብቶ ቢላ ሲይዝ ማየት ነው! ደምሴ በሩን ተደግፎ ይስቃል። እናቴ ከመደቡ ላይ ታዝዛለች። «ከጅራቱ ወደ ራሱ ግፈፈው እንጂ! ወዴት ነው የምትሄደው? ... ንቀሰው፣ ጥልቅ አታድርገው፣ ለአጥንቱ ብቻ ... ዘይቱ ጢስ ይበል፣ አትቸኩል፣ አንተ ልጅ መቼም አትለወጥ!» ሁሉንም እንዳለችኝ አደረግሁ። ዓሣው ሲለቀቅ ዘይቱ ጮኸ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የመቁጠሪያዋ ድምፅ ቆመ። ገልብጬ ሳወጣው «ከጫፉ ቅመስ፣ ለአራስ ጨው እንዳይበዛባት» አለችኝ።

ከጉንጩ ሥር ትንሽ ፈልቅቄ ቀመስኩ። ምን ልበላችሁ? ቆዳው እንደ ቂጣ ጠርዝ ተሰበረ፣ ሥጋው ደግሞ ከሥሩ ጣፋጭ፣ ንጹሕ፣ የድንጋይና የቀዝቃዛ ውኃ ጣዕም ያለው ሆኖ ቀለጠ። ከዚያ በፊት ከደምሴ ትሪ ላይ ሰርቄ የበላሁት ሁሉ አጠገቡ አይደርስም። ይህ ነበር እንግዲህ! ዕድሜዬን ሙሉ ያሳደድኩት ይህ ነበር።

ቀና ስል እናቴ አፌን እያየች ነው። እኛ የእሷን አፍ ስናይ እንደኖርን፣ እንዲያ አድርጋ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጨው ይበቃዋል።»

«ጨዉን አይደለም።» ጉሮሮዋ ወጣ ብሎ ወረደ፤ ምራቋን ነው የዋጠችው። ከዚያ ዐይኗን ሰብራ፣ ግማሽ እንደ መሳቅ፣ ግማሽ እንደ ማፈር ብላ «ቀናሁብህ፣ ልጄ» አለች። «ይቅር ይበለኝ። ራሴ መነኮሰ እንጂ ምላሴ አልመነኮሰም።»

እኔ ቅናትን አውቃታለሁ። ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ያቺን አሮጊት ከቆቧ ጋር፣ ከዚያ ሽታ ጋር፣ እንደዚያ እየተቃጠለች ትቼ እንዴት ልውጣ? አፌ ውስጥ ጣዕሙ ገና አልጠፋም።

«ምኑ ይቀናበታል፣ እማሆይ!» አልኩ። «ገመድ ነው። ትልቅ ሆኖ ሥጋው ደርቋል። የደምሴን እግሩንም አይስም።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። «አላልኩህም!» አለች፤ ጭኗን መታ አደረገች። «አንተ ልጅ ትልቅ ስታይ ቀልብህ ይጠፋል። ዓሣ ከመዳፍ ካለፈ ምን ጣዕም አለው? ስንት ዘመን ነገርኩህ!» መቁጠሪያዋን አነሣች፣ ጸሎቷን ከተወችበት ቀጠለች። ሰላም አገኘች። እኔም ዓሣውን በሳሕን አድርጌ ለአራሷ አደረስኩ።

እማሆይ ካረፈች ቆየች። ፈጣምም እንደ ዱሮው አይደለም፤ ጥር ሲሆን ለበጋ ስንዴ መስኖ ፓምፑ ከየዳሩ ይጠጣዋል፣ ጥልቁ ውኃ ከብት የሚያልፍበት ሆኗል። ደምሴ ግን አለ። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «አያ መኳንንት ራሱ በገዛ አፉ መሰከረልኝ፣ በእማሆይ ፊት» እያለ ያወራል። ሰው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» ይለኛል። እውነት ነው እላለሁ፤ ሆዴ ግን እርር ይላል። አንዳንድ ቀን ልንገረው፣ የዚያ ቀኑ የእኔ ይበልጥ ነበር ልበለው እልና አፌ ላይ ሲደርስ እመልሰዋለሁ። ቢያምነኝስ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይበልጣል ቢል ፍርድ አይሆንልኝም። የሚፈርድ ምላስ አንድ ነበር፣ እሱንም ዋሸሁት።